ለድንጋይ የወጣ ቅጽል

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በኔዘርላንድስ ግን ለብዙ ሺህ ሕፃናት ስም ያወጣላቸው የስታቲስቲክስ ቢሮ ነው።

ቃሉ «አሎኽቶን» ነው። ቅጽል ነው፤ እንደ ስምም ያገለግላል። ሥሩ ግሪክ ነው፦ «አሎስ» ሌላ፣ «ክቶን» ምድር። የሥነ ምድር ሊቃውንት ከተፈጠረበት ቦታ ተገፍቶ ሌላ ስፍራ ያረፈን ዐለት ይጠሩበታል። ለድንጋይ ምንም አይልም። ሂልዳ ፈርቬይ-ዮንከር የተባሉ የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያ ባዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣ ጥናት ግን ለሰው ዋለ።

ከዚያ ቢሮው ተረከበው። ከወላጆቹ አንዱ እንኳ ውጭ አገር ከተወለደ፣ ልጁ እዚያው አምስተርዳም ቢወለድም «አሎኽቶን» ነው ተባለ። ይኼም አልበቃ ብሎ «ምዕራባዊ» እና «ምዕራባዊ ያልሆነ» ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ጃፓንና ኢንዶኔዥያ ምዕራባዊ ሆነው ቁጭ! አፍሪካ፣ ቱርክና ላቲን አሜሪካ ከወዲያ ማዶ። እዚያ የተወለዱ የሐበሻ ልጆችም ከወዲያ ማዶ ተመዘገቡ።

«ምን አለበት፣ ለቆጠራ ነው» የሚሉ አሉ። እሺ፣ እንቁጠራ! ንግሥት ማክሲማ የተወለዱት አርጀንቲና ነው፤ ስለዚህ ልጃቸው አልጋ ወራሿ አማሊያ በዚያ ትርጉም «ምዕራባዊ ያልሆኑ አሎኽቶን» ነበሩ። የንጉሥ ዊለም-አሌክሳንደር አባት የተወለዱት ጀርመን ነው፤ ንጉሡም አሎኽቶን! በዕለት ወሬ ግን ቃሉ የሚመዘዘው የሞሮኮና የቱርክ ልጆች ሲነሡ ነበር። ለቆጠራ ብቻ የወጣ ቃል ሰው አይመርጥም።

የቤልጂጉ «ደ ሞርገን» ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2012 ቃሉን ተወው። የኔዘርላንድሱ ቢሮም በ2016 ጣለው። በምትኩስ? «የስደት ዳራ ያለው» አለ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ምዕራባዊና ምዕራባዊ ያልሆነ የሚለው አጥር እስከ 2022 ድረስ ቆሞ ነበር። ልጁን የጎዳው ደግሞ አጥሩ ነው፤ ቃሉ የአጥሩ በር ነበር።

እኛስ? በሰው አገር ቅጽል ለመሳቅ አንቸኩል። «መጤ» የምትባል ቃል አለችን። «መጣ» ከሚለው ግስ የወጣች ናት፤ ትርጉሟም የመጣ ሰው ነው። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አርሶ፣ እዚያው የሸበተን ገበሬ «መጤ» የምንል ሰዎች እስቲ እንጠየቅ፦ ይኼ ሰው ከእናቱ ማሕፀን በቀር ከየት ነው የመጣው?