ለጨዋታ የመጣው ራውተር

ከውጭ አገር የሚላክልን ዕቃ ዘመኑን ይከተላል። ዱሮ ሹራብና የእጅ ሰዓት ነበር፤ ቀጥሎ ቴፕ መጣ፣ ከዚያ ስልክ። አሁን ደግሞ ስድስት አንቴና ያቆመ፣ ተገልብጦ የወደቀ ሸረሪት የሚመስል፣ ቀይ መብራት የሚረጭ ዕቃ መጥቷል። «ጌሚንግ ራውተር» ይባላል። እኔ ያየሁት ሞጣ፣ ታናሽ እህቴ ቤት ነው። ዱባይ የምትሠራው ልጇ ለወንድሟ የላከችው ነው።

በዚያ ቤት ክርክር ነበር። እሑድ ማታ ልጅቷ በቪዲዮ ስትደውል ምስሏ ይቆማል፣ ድምፅዋ ይቆራረጣል። በዚያው ሰዓት ወንድምየው በጎን ክፍል አዲስ ጨዋታ እያወረደ ነው። እናት «የልጄን ድምፅ እንኳ ልስማ» ትላለች። እሱ «አዲሱ ራውተር ሲገጠም ሁሉም ይስተካከላል» ይላል። የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያንን ጊዜ ያየ ሰው አንድ የሚሠራ የቤት መስመር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ስለዚህ ከቢቸና ሄጄ ከልጁ ጋር መመሪያውን ይዘን ተቀመጥን። ጡረታ የወጣ የጤና ባለሙያ መመሪያ ማንበብ አይሰለቸውም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ራውተር መስመር አይጨምርም። ወደ ግቢያችሁ የሚገባው ውሃ በደቂቃ አንድ ባልዲ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ የወርቅ ቧንቧ ብትተክሉም ያው አንድ ባልዲ ነው። ርቀትንም አያሳጥርም። ልጁ የሚጫወትበት ኮምፒውተር አውሮፓ ተቀምጧል እንበል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሄዶ ለመመለስ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ያውም መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም፤ አገራችን ባሕር ስለሌላት መስመሩ የሚወጣው እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው። በሣጥኑ ላይ «ፍጥነት» ተብሎ በትልቁ የተጻፈውን በዚህ ልክ አንብቡት።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ተራ ያስይዛል። ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ደም የሚፈሰውና ጉንፋን የያዘው እኩል ወረፋ አይይዙም። የቪዲዮ ጥሪም ሆነ ጨዋታው ራሱ ብዙ መስመር አይወስዱም፤ ግን መዘግየት አይወዱም። ማውረድ የሚባለው ነው ሁሉን የሚውጠው። አንድ 40 ጊጋባይት ጨዋታ በ4 ሜጋ ቢት መስመር ሌላ ሰው ባይነካው እንኳ 22 ሰዓት ይፈጃል። ያንን ወደ ኋላ አድርጎ ጥሪውን የሚያስቀድም ማስተካከያ በአዲሱ ራውተር ውስጥ አለ፤ «ኪውኦኤስ» ተብሎ ተጽፏል። ሥራውን እንዲሠራ ግን የመስመራችሁን ፍጥነት ለክታችሁ ከዚያ አሥር በመቶ ያህል ቀንሳችሁ ሙሉለት። አለዚያ ወረፋው የሚፈጠረው ሞደሙ ላይ ይሆንና አዲሱ ዕቃ አያየውም። የመላኪያውን ፍጥነትም ለኩ፤ በስልክ ሽቦ በሚመጣ መስመር እሱ ከማውረጃው በጣም ያንሳልና ጥሪን የሚቆራርጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አሁን ወደ አገጣጠሙ። ገመዱ ከሞደሙ «ላን» ቀዳዳ ወጥቶ አዲሱ ራውተር «ዋን» ወደሚለው ይገባል። ሁለቱም 192.168.1.1 የሚል አድራሻ ካላቸው፣ አንድ የቤት ቁጥር ለሁለት ቤት ተሰጠ ማለት ነውና የአዲሱን ወደ 192.168.50.1 ቀይሩት።

ዋናው ጣጣ ሌላ ነው። ሞደሙ እንደ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። በቤቱ ውስጥ ማን ምን እንደጠየቀ ይመዘግባል፤ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ይሰጣል። ይህን ሥራ «ናት» ይሉታል (ከአማርኛው «ናት» ጋር ዝምድና የለውም)። ከኋላው ሌላ ራውተር ሲቀመጥ ሁለት ካርድ ክፍል ተከፈተ። ከቤት ተጠይቆ የሚመለሰው፣ ቴሌግራሙም ዩቲዩቡም፣ ችግር የለበትም። ሳይጠራ ከውጭ የሚመጣውን ግን፣ ለምሳሌ ጨዋታ ውስጥ ሊገባ የሚፈልግ ጓደኛን፣ የፊተኛው ካርድ ክፍል ስሙን ስለማያገኘው ይመልሰዋል። ፕሌይስቴሽን «ናት ታይፕ 3» ብሎ የሚያጉረመርመው በዚህ ነው።

መፍትሔው አንዱን ካርድ ክፍል መዝጋት ነው። ሞደሙን «ብሪጅ» አድርጎ የመስመሩን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አዲሱ ላይ መሙላት ንጹሑ መንገድ ነው፤ ስሙና የይለፍ ቃሉ በእጃችሁ ሳይኖር ግን አትሞክሩት፣ ቤቱን ያለ መስመር ታድራላችሁ። እኛ የመረጥነው ሁለተኛውን ነው። ለአዲሱ ራውተር የማይለወጥ አድራሻ ሰጥተን ሞደሙ ውስጥ «ዲኤምዜድ» በሚለው ሥር አስገባነው፤ ያልታወቀ እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ወደ እሱ ይላካል። እዚያ ቦታ ኮምፒውተር እንዳታስገቡ፤ ራውተሩ የራሱ ዘበኛ አለው፣ ኮምፒውተራችሁ ላይኖረው ይችላል። አዲሱን «አክሰስ ፖይንት» ማድረግም ይቻላል፤ በጣም ቀላል ነው፣ ግን በብዙዎቹ ላይ ተራ ማስያዙ አብሮ ይጠፋል። ሞደሙ ከውጭ ያገኘው አድራሻ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ ደግሞ ሦስተኛ ካርድ ክፍል አገልግሎት ሰጪው ዘንድ አለ፤ በቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር አይፈታውም።

ሞጣ ላይ ያየነው ውጤት ይህ ነው፦ ጥሪው ጠራ፣ የጨዋታው ማውረድ ሦስት ቀን ፈጀ። ልጁ አኮረፈ። «እትዬ፣ ለእኔ የተላከ ዕቃ በእኔ ላይ ተፈረደበት» አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እውነቱን ነው። ጨዋታው ራሱ ግን እናትየው ስታወራም መደናቀፉን አቁሟል፤ ይህን እያደር አመነ።

የሰዓት ገደብ ማበጀትም በዚያው ራውተር ይቻላል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የጨዋታ ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶ ዝርዝሩ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። እንዲያው ብዙ የሚጫወት ሁሉ ታማሚ ነው አይልም፤ ልጁ ማቆም ሲያቅተው፣ ትምህርቱና ሌላው ኑሮው ከጨዋታው በታች ሲሆን፣ ጉዳቱ እየታየ ሲቀጥል፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው። የእህቴ ልጅ እዚያ አልደረሰም። ቢሆንም ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የእሱ ስልክና ኮምፒውተር እንዲቋረጡ ተስማምተን ሞላን። የሞደሙን ዋይፋይ ግን አጥፉት፤ ካልጠፋ ልጅ በዚያ በኩል ይሾልካል፣ በተጨማሪም ሁለት ዋይፋይ ጎን ለጎን ይረባበሻሉ።

ዕቃው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ቻርጀሩን አንብቡ፤ 100–240 ቮልት ካላለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞደሙ ቀድሞ ይብራ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና ራውተሩን አብሩ። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል በሁለቱም ላይ ቀይሩና በወረቀት ጻፉት። ወረቀቱ እናት ዘንድ ይቀመጥ።