«ንካው!» ሙያ አይደለም

አዘዞ ላይ ሹፌሮች ሻይ ሲጠጡ የአንድን ሰው ጉብዝና የሚለኩት በሰዓት ነው። ከባሕር ዳር በስንት ሰዓት ገባ? የጭልጋን ዳገት በስንተኛ ማርሽ ወጣ? የትኛውን ላንድ ክሩዘር ቀደመ? ሞተሩን ስንት ዓመት እንዳቆየው፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚይዝ የሚጠይቅ የለም። ይህ ሚዛን የተበላሸ ነው እላለሁ። ይህን የምለው ፍጥነት ስለምጠላ አይደለም። ፍጥነትን ከልባቸው የሚወዱት ሰዎች ራሳቸው በዚህ ሚዛን አይለኩም።

በአውሮፓና በጃፓን አሮጌ ተርቦ ስፖርት መኪና ገዝተው፣ በእረፍት ቀናቸው የመወዳደሪያ ሜዳ ለመንዳት ገንዘብ የሚከፍሉ አማተሮች አሉ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሱፐራ፣ ስካይላይን ወይም ኢምፕሬዛ ይዘው ይመጣሉ። ሜዳው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ጎማቸው፣ ፍሬናቸው፣ የሚንጠባጠብ ዘይት መኖር አለመኖሩ ይታያል። ሄልሜት ግዴታ ነው። መቅደም የሚቻለው በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚቀደመው ሰው ምልክት እስኪሰጥ ይጠበቃል። ሃያ ደቂቃ ያህል ከነዱ በኋላ የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳያበዙ በዝግታ ጨርሰው ይወጣሉ፤ ቆመውም ሞተሩን ወዲያው አያጠፉም። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን፣ በተለይ በአውሮፓ፣ እንዲህ ባሉት ቀናት ብዙ ቦታ ሰዓት መያዝ የተከለከለ መሆኑ ነው። ሰዓት ከተያዘ ነገሩ ውድድር ይሆናል፣ ኢንሹራንሱም ሌላ ይሆናል። እነሱ ሕፃን በማይሻገርበት፣ በሬ በማይነዳበት ሜዳ ላይ ሰዓት ሲከለክሉ፣ እኛ አሥራ ምናምን ሰው ጭነን በሰዓት እንፎካከራለን።

«የእኛ መኪና ስፖርት መኪና አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ናፍጣው አባዱላ ሚኒባስ ተርቦ አለው፤ ክብደቱ ግን ከላይ ነው፣ ኩርባ ላይ ያዘነብላል። ደግሞ አሁን ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ኤሌክትሪኩ የጭልጋን ዳገት እስኪለምድ ድረስ ያው ተርቦ እየተጠገነ ይሄዳል።

የአዘዞ ሹፌር ተርቦ የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ከፍታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ተርቦው የጎደለውን አየር ገፍቶ ያስገባል። ይህን የሚያደርገው ግን ከቆላው የበለጠ በፍጥነት እየተሽከረከረ፣ የበለጠ እየጋለ ነው። በጭልጋው መንገድ መኪናው ከገንዳ ውሃ ተነስቶ አይከል እስኪደርስ ከሺህ ሜትር በላይ ጭነት ይዞ ይወጣል። በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሚዞረውን ዘንግ የሚያድነው ቀጭን የዘይት ንጣፍ ብቻ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ላልቶ ግፊት ካልያዘ ደግሞ ውሃው እዚህ አገር 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ መቶ እስኪሞላ አይጠብቅም።

ያ ሁሉ ወጥቶ ሹፌሩ አዘዞ ሲደርስ ምን ያደርጋል? ቁልፉን ጠምዝዞ ይወርዳል። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይት ግፊቱ ይቆማል፤ በጋለው ተርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት እዚያው ይከስላል። አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ እንዲህ ያለ ተርቦ ፈትቶ ዘንጉን በሁለት ጣቱ ይዞ ሲወዘውዘው አይቻለሁ። መነቃነቅ የሌለበት ብረት ግራና ቀኝ ይንቋቋል፤ የዘይት መግቢያው ቀዳዳ በጥቁር ቅርፊት ተደፍኗል። የመኪናው ሹፌር በሰፈሩ «ጎበዝ» ከሚባሉት ነበር። አንድ ሁለት ደቂቃ ሞተሩን ሳያጠፋ ቢቆም፣ ተሳፋሪው ዕቃውን እስኪያወርድ ማለት ነው፣ ወጪው አይመጣም ነበር።

ተርቦና ከፍታ እንዴት እንደሚዋደዱ ዓለም ያየው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ኪያላሚ ላይ በተደረገው የፎርሙላ ዋን ውድድር፣ ዣን ፒየር ዣቡዬ የሬኖን ተርቦ መኪና ነድቶ አንደኛ ሆኖ ለመነሳት በቃ። ተርቦ መኪና በፎርሙላ ዋን የመነሻውን አንደኛ ቦታ ሲይዝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ኪያላሚ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ስስ አየሩ ሌሎቹን ሲያዳክም ተርቦውን ብዙም አልጎዳውም። በውድድሩስ? ሞተሩ ተበላሽቶ ውድድሩን ሳይጨርስ ወጣ። ከኋላው መሐንዲሶች የተሰለፉለት ሰው እንዲህ ከሆነ፣ የፍሬን ዘይቱን መቼ እንደቀየረ የማያስታውስ ሰው በምኑ ይተማመናል?

በነገራችን ላይ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ሲያረጅ ቶሎ ይፈላል። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ሲወረድ፣ በፎሌ የሚለቅ ሹፌር እግሩን ከፍሬን ላይ አያነሳም። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። በማግስቱ «ፍሬን በጠሰ» ተብሎ ይወራል፤ ልክ ፍሬኑ በራሱ ፈቃድ ያደረገው ይመስል። ሊማሊሞን ማርሽ ቀንሶ የሚወርደውን ሹፌር ግን «ፈሪ» እንለዋለን።

ጥፋቱን ሹፌሩ ላይ ብቻ ማላከክም አልወድም። ተዘግቶ የቆየ መንገድ በተከፈተ ቀን «ንካው እንጂ!» የሚለው ተሳፋሪው ነው። ያው ሰው ከጎንደር እስከ አዘዞ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ገበያተኛና ተማሪ በአንድ አስፋልት ሲሄዱ በየቀኑ ያያል። ትራፊክ ፖሊሱም ቢሆን «ቀስ በል» ከማለት አያልፍም። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ በእንጨት መሃል ወደ ኋላ መግባትና ዳገት ላይ መነሳት ተምረናል፤ ፍሬን እስከ መጨረሻው ረግጦ መኪናው እንዴት እንደሚቆም፣ ጎማው ሲንሸራተት መሪው ምን እንደሚል ያሳየን የለም። ይህን በዝግ ሜዳ፣ አስተማሪ አጠገብ ተቀምጦ መሞከር ቅንጦት አይደለም። ውድ ሜዳም አይጠይቅም፤ አንድ ሰፊ የተደለደለ ግቢና ውሃ የሚረጭ ቦቴ ይበቃል።

የመኪናው ባለቤት ደግሞ ለሹፌሩ የሚከፍለው በምልልስ ነው። ምልልስ በበዛ ቁጥር ክፍያው ይጨምራል፤ ተርቦው ሲቃጠልም የሚከፍለው ራሱ ባለቤቱ ነው። እንግዲህ ማታ ሂሳብ ሲቀበል «ስንት ደርሶ መልስ ሠራህ?» ካለ በኋላ፣ «የፍሬን ሸራው ምን ያህል ቀረው?» ብሎም ይጠይቅ፤ መልሱንም ጎማ አስፈትቶ በዓይኑ ይየው።