ከማዕድ የራቀች ልጅ

በምናውቀው አንድ ቤት ውስጥ የ15 ዓመት ልጅ ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ጀመረች። ወላጆቿም ትጋቷን አይተው ደስ አላቸው። ፋሲካ ሲደርስ ግን ልጅቱ ከዶሮ ወጡ አልቀመሰችም። «አልራበኝም» እያለች ከገበታው ትርቅ፥ ቀሚሷ ሰፍቷት ሳለም «ወፍሬአለሁ» ትል ጀመር። የወር አበባዋ ቆመ፤ በጠራራ ፀሐይም ይበርዳት ነበር። ቤተ ሰቡ ነገሩን የተረዳው ትምህርት ቤት ውስጥ ራሷን ስታ በወደቀች ጊዜ ነው።

ሐኪሞች ይህን ሕመም አኖሬክሲያ ነርቮዛ ይሉታል። ቅብጠት ወይም እልኽ አይደለም፤ የአእምሮ ሕመም ነው፤ ካልታከመም ሕይወትን እስከ መንጠቅ ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ በወጣት ሴቶች ላይ ይታያል፤ ነገር ግን ወንዶችንም ይይዛል። መነሻው አንድ ብቻ ስላልሆነ እናትና አባት «ጥፋቱ የእኛ ነው» እያሉ ራሳቸውን ሊወቅሱ አይገባም።

ረኃብ ራሱ የሰውን አሳብ እንደሚለውጥ ተመርምሮ ታውቋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አንሰል ኪስ የተባሉ ሊቅ፥ ጤነኞች የሆኑ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ለስድስት ወር ያህል ምግባቸውን ቀንሰው አቆይተዋቸው ነበር። ሰዎቹ ተቈጡ፥ ተከዙ፥ ከሰው ራቁ፤ አሳባቸውም ሁሉ በምግብ ላይ ሆነ። እንግዲህ በታመመችው ልጅ ላይ ከምናየው ንጭንጭ ብዙው የረኃቡ እንጂ የጠባይዋ አይደለም። ምክርም ሰሚ የሚያገኘው ሰውነቷ መጠገን ሲጀምር ነው።

ታዲያ ማን ይመግባት? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. በለንደን ከሞድስሊ ሆስፒታል የወጣ ጥናት፥ ሕመሙ በወጣትነታቸው ለጀመራቸውና ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ቤተ ሰብ የተካፈለበት ሕክምና ይበልጥ እንደሚረዳ አሳይቷል። በዚህ ሕክምና ወላጆች ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚበላ ለጊዜው ራሳቸው ይወስናሉ፤ ልጅቱ ስትበረታ ሥልጣኑን ጥቂት በጥቂት ይመልሱላታል።

ቁርስ፥ ምሳና እራት፥ በመካከሉም ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ በተወሰነ ሰዓት ይቅረብ። እንቁላል፥ ወተት፥ ገንፎ በቅቤ፥ ለውዝ የመሰለው ምግብ በትንሹ ብዙ ኃይል ይሰጣል። ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው እስክትጨርስ አብሯት ይቀመጥ። ስለ ውፍረትና ስለ ቅጥነት ወሬ አይነሣ። ከቁጣ ይልቅ «እንደ ከበደሽ አውቃለሁ፤ እኔ አጠገብሽ ነኝ» የሚል ቃል ይረዳታል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን። እጅግ የከሳ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ቢመገብ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም በድንገት ወርዶ ልቡን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪም ይያት፤ የምግቡንም መጠን እርሱ ይወስን። ራሷን ከሳተች ወይም ልቧ ከደከመ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ትወሰድ።

ስለ ጾምም ዝም ልንል አንችልም። የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሕመምተኛን በጾም አያስገድድም፤ ይህ ሕመም ደግሞ በጾም ስም መሸሸግ ይወዳል። ወላጆች ሆይ፤ ጾሙ ካለቀ በኋላ የማይበላ ልጅ ካያችሁ ለሐኪምም ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ።

ያችም ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ዐቢይ ጾም የንስሐ አባቷ እንዳትጾም አዘዟት። ቤቱ ሁሉ ሲጾም ብቻዋን መብላት አሳፈራት፤ አለቀሰችም። እናቷም ጾማቸውን ሳይፈቱ በየቀኑ ከጎኗ እየተቀመጡ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ይጠብቁ ነበር። ፈውሱ ከዓመት በላይ ፈጀ። ዛሬ ሳህኑን የምታነሣው ራሷ ናት።