ነፃውን ትተን የተሰረቀውን

ሌባ እንጠላለን። ቢያንስ እንደዚያ እንላለን። ታክሲ ውስጥ ሞባይል ሲመነትፍ የተያዘ ልጅ የሚያዝንለት ሰው አያገኝም። ቦሌ መድኃኔዓለም ወይም መገናኛ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች ወደ አንዱ ገብተን ግን «ዊንዶውስ ጫንልኝ፣ ኦፊስ ጨምርበት፣ ፎቶሾፕም ካለህ አትርሳ» ስንል የሰው ንብረት እየወሰድን መሆኑ ትዝ የሚለን ስንቶቻችን ነን? ልጁ ፍላሹን ይሰካል፣ አንቲቫይረሱን ያጠፋል፣ ክራኩን ያስኬዳል፣ ላፕቶፑን መልሶ ይሰጠናል። የእጁን እንከፍላለን። በቃ! የተሰረቀ የለም፣ የሰረቀም የለም።

ለነገሩ ሕግ አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ ሁሉ የሚጠበቅ ሥራ አድርጎ ይቆጥረዋል። ይሁንና የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ማይክሮሶፍት እንባ ማፍሰስ አይደለም። ማይክሮሶፍት በገርጂ ክራክ ምክንያት ጾሙን አያድርም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የሚሰጠን እያለ ለምን እንሰርቃለን? የሰረቅነውስ ከተሰጠን ይልቅ ውድ እንደሆነ መቼ ነው የሚገባን?

የሚሰጠን ያልነው ሊኑክስንና በላዩ የሚጫኑትን ሶፍትዌሮች ነው። ነገሩ በ1969 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው ቤል ላብስ ከተጀመረው ዩኒክስ ከተባለ ሥርዓት ይጀምራል። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን ዩኒክስን የሚመስል፣ ግን ማንም ሊያየው፣ ሊያሻሽለውና ሊያካፍለው የሚችል ሥርዓት እሠራለሁ ብሎ ጂኤንዩ የተባለውን ሥራ አወጀ። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጎደለውን እምብርት፣ ሊኑክስን፣ ጨመረበት። ዛሬ ደቢያን የተባለው ስርጭት ብቻ በ2025 በወጣው 13ኛ እትሙ ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ጥቅሎች አሉት። ጥቅል ስንል የቴሌን የኢንተርኔት ጥቅል ማለታችን አይደለም፤ ያኛው ጊዜው ሲደርስ ያልቃል። ይኼኛው ጽሑፍ መጻፊያ፣ ሒሳብ መሥሪያ፣ ፎቶ ማስተካከያ፣ ፊልም መቁረጫ፣ ፕሮግራም መጻፊያ ነው። አንዲት ትእዛዝ ጽፈን የፈለግነውን እናወርዳለን። ክራክ የለ፣ ሲሪያል ነምበር የለ። አማርኛችን ደግሞ እዚህ ላይ ይረዳናል፤ ነፃ ማለት ያለ ክፍያ ማለት ነው፣ ነፃ ማለት ማንም የማያዝበት ማለትም ነው። ይህ ሶፍትዌር በሁለቱም ፍቺ ነፃ ነው።

«የፈረንጅ ነገር ነው፣ አማርኛ አያውቅም» የሚል ካለ እንቁም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገር ውስጥና ውጭ የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አሠራር ነበራቸው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ቁርጥራጭ ምልክት ይሆን ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3ኛው እትም ነው። ኢማክስ የተባለው ነፃ የጽሑፍ ማዘጋጃ ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1997፣ ፊደላችንን ይዞ ወጥቶ ነበር። የኢትዮጵያን ፊደል ክፍል የጻፈው ናኦቶ ታካሃሺ የሚባል ጃፓናዊ ነው። እስከዛሬ ኢማክስን ከፍታችሁ የዓለም ቋንቋዎችን የሰላምታ ዝርዝር ብታዩ «አማርኛ» ከሚለው ጎን «ሠላም» ተጽፎ ታገኛላችሁ። የቀን መቁጠሪያው የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል።

ሌላም አለ። ዳንኤል ያዕቆብና የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለአፋን ኦሮሞ፣ ለአፋርኛ፣ ለሲዳምኛ፣ ለወላይትኛ፣ ለግዕዝም ሳይቀር የወራትና የቀናት ስሞችን የያዙ ፋይሎችን አዘጋጅተው ለጂኤንዩ ሊኑክስ ሰጥተዋል። አቢሲኒካና ኖቶ የሚባሉት የፊደል ቅርጾች በነፃ ይወርዳሉ። በላቲን ኪቦርድ አማርኛ የሚጻፍበት ሴራ የተባለው ስልትም (ስሙ ነው እንጂ ተንኮል የለበትም) ከተዘጋጁት ጥቅሎች አንዱ ውስጥ ተቀምጧል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ሲጠብቀን እኛ ፍላሽ ይዘን ክራክ ፍለጋ ሕንፃ ለሕንፃ እንዞራለን።

«ማን ይጠቀምበታል?» ትሉ ይሆናል። መንግሥት ይጠቀምበታላ! ባንክ ሂሳብ ስንከፍት የምንጠየቀው የፋይዳ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ በሕንድ ባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም ወዲህ ከየጤና ጣቢያው ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ክፍት ሶፍትዌር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚቀመጡበት ዲስፔስም እንዲሁ። ኪሳችን ውስጥ ያለው ቴክኖ ወይም ሳምሰንግ ስልክ እምብርቱ ሊኑክስ ነው። «ሊኑክስ ይከብደኛል» እያለ ቀኑን ሙሉ በሊኑክስ ቲክቶክ የሚያይ ሕዝብ ነን!

እንግዲህ ወደ ዋጋው እንምጣ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በደንቡ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉትን ነው። ከዚያ በታች ያሉት ያገለገሉ ላፕቶፖች፣ የተማሪውና የትንሿ ቢሮ ማሽኖች፣ በር እንደሌለው ቤት ናቸው። በሕጋዊ መንገድ ልግዛ ያለ ሰው ለዊንዶውስ 11 ሆም በአሜሪካ ዋጋ 139 ዶላር ይከፍላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ ከ13 ሺህ ብር ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ክራክ! ክራኩን የሠራውን ሰው ግን አናውቀውም። መጀመሪያ የሚጠይቀን «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ብሎ ነው። ቤታችን ሊገባ የመጣ ሰው «መጀመሪያ ዘበኛውን አሰናብቱ» ቢለን እናስገባዋለን? ላፕቶፑ ላይ ግን የድርጅታችንን ሒሳብ፣ የልጆቻችንን ፎቶ፣ የባንክ ይለፍ ቃላችንን አስቀምጠን እሺ እንላለን።

ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን፤ ሐቅም አለበት። የሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ ሲወጣ «ፒችትሪ የሚችል» ይላል፤ ፒችትሪ ደግሞ ለሊኑክስ አልተሠራም። መሐንዲሱ ያለ አውቶካድ፣ የሠርግ ካርድ የሚሠራው ልጅ ያለ ፎቶሾፕ እንጀራው ይቸገራል። እነዚህን ሰዎች ነገ ጠዋት ተነሡና ጣሉት አንልም። ይሁንና ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ከመጻፍ፣ ሠንጠረዥ ከመሥራት፣ ኢሜይል ከማየትና ከማተም ሌላ ኮምፒውተሩን የማይጠቀም ሰው ስንት ነው? እሱን ክራክ ላይ ያሠረው ፒችትሪ አይደለም። ያሠረው ልማድ ነው፤ ልማዱን ያስተማረው ደግሞ ማሠልጠኛው ነው። «ቤዚክ ኮምፒውተር» ብለን የምናስተምረው የአንድ ኩባንያን ምርት ነው፤ የት ጋ እንደሚጫን። ሰርተፊኬቱን የያዘው ልጅ ቁልፉ ቦታ ሲቀይር ይጠፋበታል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህ ነው። የተሰረቀ ሶፍትዌር ተዘግቶ የመጣ ሳጥን ነው። ውስጡን አናይም፤ ቢበላሽ ፎርማት እናደርጋለን እንጂ አንጠግንም። ከሃያ ሁለት እስከ ሲኤምሲ ስንት ጎበዝ የኮምፒውተር ልጅ አለ፤ ሙያው ግን ፎርማትና ክራክ ሆኖ ቀረ። በነፃው ሶፍትዌር ቢሆን ያው ልጅ የጽሑፉን ምንጭ ከፍቶ ያነባል፣ የተሳሳተውን የአማርኛ ቃል ያርማል፣ እርማቱን ይልካል፣ ስሙ ከነሥራው ይመዘገባል። ፋይዳም ዲኤችአይኤስም የቆሙበትን ሶፍትዌር የሚጠግን ሰው ከዚህ ካልወጣ ከየት ሊወጣ ነው? የራሱን ፊደል ጃፓናዊ ሠርቶ እስኪሰጠው የጠበቀ ትውልድ የመታወቂያውንም ቋት ሌላ ሰው እስኪጠግንለት ይጠብቃል።

ስለዚህ ጥያቄያችን ቀላል ነው። አንደኛ፣ መሥሪያ ቤቶች ማመልከቻና ሪፖርት ሲቀበሉ በማንኛውም ሶፍትዌር በሚከፈት የፋይል ዓይነትና በዩኒኮድ ይቀበሉ። ሁለተኛ፣ ማሠልጠኛዎች ከኦፊስ ጎን ሊብሬኦፊስን፣ ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስን ያስተምሩ። ሦስተኛ፣ ኢንተርኔት ውድ በሆነበት አገር ሁሉም ሰው ያንኑ ጥቅል ከባሕር ማዶ ለየብቻው ማውረዱ ብክነት ነውና፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ቦሌ ያለው የአይሲቲ ፓርክ የደቢያንንና የኡቡንቱን ጥቅሎች ሙሉ ቅጂ አገር ውስጥ አስቀምጠው ለሁሉም ክፍት ያድርጉ። ይህ መንገድ መሥራት አይደለም፣ ግድብ መገደብም አይደለም። ጥቂት ዲስክና አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ይበቃዋል።

አራተኛው ለእኛው ለራሳችን ነው። ላፕቶፓችንን ይዘን ወደ ሱቁ ስንገባ «ዊንዶውስ ጫንልኝ» ከማለታችን በፊት «ኡቡንቱ አለህ?» ብለን እንጠይቅ። መጀመሪያ ልጁ ይስቅብን ይሆናል። አሥረኛው ሰው ሲጠይቀው ግን ፍላሹ ላይ ይጭነዋል፤ ነጋዴ ነውና የተጠየቀውን ያመጣል። የእጁን ሥራ እንከፍለዋለን፣ ያ ድካሙ ነው። አንቲቫይረስ ግን አያጠፋም፣ ክራክም አያስኬድም፣ እኛም ማንንም ሳንሰርቅ ወደ ቤታችን እንሄዳለን።