ከሠርጉ በፊት በግመል?

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እጮኛሽ «ከሠርጋችን በፊት አፋር በረሃን 3 ቀን በግመል እንጓዝ» ሲልሽ ፈራሽ፤ እንዳይንቅሽ ብለሽም ዝም አልሽ። እህቴ፣ እኔም እንዳንቺው አፍሬ ነው የሄድኩት። ከበርሃሌ ወደ ሐመድ ኤላ ስንወርድ፣ በ2ኛው ቀን ጭኔ ተላልጦ፣ ራሴ እየዞረ «ደህና ነኝ» እል ነበር። ነገሩ የገባው ግመል ነጂው ነው፤ አውርዶ ጥላ ስር አስተኛኝ። የዳሎል አካባቢ እኮ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፣ ቀልድ አይደለም!

ከኅዳር እስከ ጥር ካልሆነ እንዳትሞክሪው። ግመሉ በኋላ እግሩ ቀድሞ ስለሚነሳ ወደኋላ ዘንበል በይ። አሞሌ ጫኞቹ እንኳ በእግራቸው ነው የሚሄዱት፤ ሲደክምሽ ወርደሽ ብትራመጂ አያሳፍርም። ፍርሃትሽን ግን ዛሬውኑ ንገሪው። ከሳቀብሽ ጉዞውን ተይውና እንደገና ጻፊልኝ።