ለራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው፦ የዘገየ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው፤

ይህን የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከበቾ ቦሬ ነው። እናቴ ቶናውን እየቀዳች ነው፤ ቡናው የጎሬ ነው። ቅድመ አያቴ ከጎሬ ቡና በበቅሎ ጭኖ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ነጋዴ ነበር። ቤታችን በቆመበት እንጀራ ውስጥ የእርስዎ እጅ አለበት፤ እስከ ዛሬ ግን አንዳችንም እግዜር ይስጥልን ብለንዎ አናውቅም።

መጀመሪያ ስለዚያ የንግድ ቁልቁለት ላመስግንዎ። እርስዎ ጎሬን መቀመጫ አድርገው ኢሉባቦርን በሚገዙበት ዘመን፣ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል ባሮ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተከፈተ። መርከብ ከካርቱም የሚመጣው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነው፤ በጋ ሲገባ ውሃው ይሸሻል። ስለዚህ ነጋዴው ጭቃ ነው፣ ዝናብ ነው ሳይል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ደጋ 500 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ መውረድ ነበረበት። በቅሎዎቹ የሚያልፉት በእርስዎ አገር ነበር። ቅድመ አያቴም ወርዶ በሰላም ተመልሷል፤ ባይመለስ ኖሮ እኔ የለሁም።

ከሁሉ በላይ የማስበው ግን የሶባት ወንዙን ዘመቻ ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ በነጭ ዓባይ በሚሽቀዳደሙበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ እርስዎን ወደ ምዕራብ ላኩ። የደጋ ሰው ይዘው ወደ ረግረግ ወረዱ፤ ወባው ሠራዊቱን ጣለው። እርስዎም ያንን የታመመ ሕዝብ ሁሉ ወደ ፊት አልነዱትም። መሄድ የሚችሉትን መርጠው፣ ከሩሲያዊው ኮሎኔል አርታሞኖቭና ከፈረንሳይ ቡድን ጥቂት ሰዎች ጋር ላኩ። እነዚያ በሰኔ 1890 ዓ.ም. ሶባት ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ደርሰው ባንዲራ ተከሉ። በዚያ እሽቅድድም የተላከው የፈረንሳዩ መኮንን ማርሻን ነጭ ዓባይ ዳር ካለችው ፋሾዳ ሲደርስ ግን የእርስዎ ሰዎች ወደ ኋላ ተመልሰው ነበር። አንዳንድ ጸሐፊ ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል። እኔ አልስማማም። ባንዲራ ዳር ሰው አስጨርሶ መቅረት ይቻል ነበር፤ እርስዎ የተረፈውን ይዘው ወደ ቤቱ መለሱት። ስለዚያ ተመላሽ ሁሉ አመሰግንዎታለሁ።

ስለ እንግዳ ተቀባይነትዎም ላንሳ። ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች ጎሬ ድረስ መጥቶ ደጅዎ አርፏል፤ ያየውንም ጽፎ ለሀገሩ ሰዎች አስነብቧል። የዚያን ዘመን ጎሬን ዛሬ በዓይነ ሕሊናችን ማየት የምንችለው በከፊል በርዎን ስለከፈቱለት ነው።

ክቡርነትዎ፣ ላመሰግንዎ ብዬ የገባሩን ሸክም አልሸፍንም። ሹምና ወታደር ሲቀለብ የቀለበው የኢሉባቦር ገበሬ ነው፤ ጎተራውም ጉልበቱም የእርሱ ነበር። ለእርሱ ያለብን ዕዳ ሌላ ነው፤ ከእርስዎ ዕዳም ይከብዳል። ይህን ሳልጽፍ ምስጋናዬ ሙሉ አይሆንልኝም።

ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ፣ በ1902 ዓ.ም.፣ ሕፃኑን አልጋ ወራሽ ልጅ ኢያሱን በአደራ የተቀበሉት እርስዎ ነበሩ። ጊዜው አጭር ሆነ፤ በ1903 ዓ.ም. አረፉ። ለልጅ ኢያሱ ሌላ እንደራሴ አልተሾመም። ከሞቱ ከ25 ዓመት በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ በጠላት ስትያዝ፣ የመንግሥት ስም ለጥቂት ወራት የተጠራው ከዚያችው ከጎሬ ነው። በዚያ ጊዜ እንደራሴ የነበሩት ራስ እምሩ የተቀመጡት እርስዎ መዲና ባደረጓት ከተማ ነበር።

የጋምቤላው መርከብ ዛሬ የለም። ቡናው በመኪና በመቱ፣ በበደሌ አድርጎ ይወጣል። ከእርስዎ ጋር ወደ ሶባት ወርዶ ያልተመለሰ ቅድመ አያት ያለው የጎሬ ወይም የመቱ ሰው ይህን ቢያነብ፣ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ የሟቹን ስም ጠይቆ ይጻፍልን።