ታናሿ ፊያትና ሞክሼዋ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ሰቆጣ ስንጓዝ ከጓደኞቻችን አንዱ በስልኩ የያዘውን ፎቶግራፍ እያዞረ ቢያሳየን የአውቶቡሱ የኋላ ወንበር በሙሉ ለክርክር ተነሣ። በፎቶግራፉ ላይ ሁለት ትናንሽ ፊያቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛይቱ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣችው አባርት 595 ስትሆን ሁለተኛይቱ በ2022 ለዓለም የታየችው የኤሌክትሪክ አባርት 500 ናት። ከሁለቱ የትኛይቱ ትበልጣለች? ክርክሩ ከደሴ እስከ ወልድያ አልበረደም። ከተከራካሪዎቹ መካከል እንኳን መኪና ብስክሌት ያለው አልነበረም፤ ምናልባት የክርክሩ ሙቀት ከዚሁ የመነጨ ይሆናል።

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሞተር ምን ያውቃል የሚለን አንባቢ አይታጣም። እውነት ነው፣ ሞያው የእኛ አይደለም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከ ሰቆጣ ከ700 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በየዓመቱ የሚመላለስ ሰው ስለ መኪና አሳብ ቢኖረው ሊፈረድበት አይገባም።

አሮጊቷ ፊያት 500 እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1957 ቱሪን ላይ ስትወጣ መሐንዲሷ ዳንቴ ጃኮዛ ያሰበው ስለ ፍጥነት አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ሚስቱንና ልጁን በሞተር ብስክሌት አፈናጥጦ የሚሄደውን ጣሊያናዊ ከዝናብ ለማስጠለል ነበር። ርዝመቷ ከ3 ሜትር በታች፣ ክብደቷ ግማሽ ቶን ያህል፣ ሞተሯ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሆኖ 479 ሲሲ፣ ጉልበቷም 13 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። በቪየና የተወለደው ካርሎ አባርት በኋላ ይህችን ምስኪን ወስዶ ሞተሯን ወደ 594 ሲሲ አሰፋና 27 የፈረስ ጉልበት አወጣላት፤ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትርም አስሮጣት። የጊንጥ አርማውን በአፍንጫዋ ላይ ለጠፈባት። ስፖርተኛነቷ እንግዲህ ከምቾት የተረፈ ሳይሆን ከማጣት የተጨመቀ ነበር።

ታላቅ እኅቷን ሰይቼንቶን የአዲስ አበባ ሰው ያውቃታል። ፊያት 600 ማለት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣች፣ በሰማያዊና ነጭ ቀለም ታክሲ ሆና ብዙ ዘመን ያገለገለች። ሰቆጣ ላይ በጎልማሳነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ሰይቼንቶ የነዱ አንድ ሽማግሌ አሉ። «ጋሼ፣ እንዴት ነበረች?» ብንላቸው ሣቁና፣ «ልጆቼ፣ ዳገት ላይ ውኃዋ ይፈላል፤ የኋላ ክዳኗን ከፍቼ በእንጨት ደግፌ ነበር የምነዳት» አሉን። አባርትም ለእሽቅድምድም ያዘጋጃቸው ፊያት 600ዎች ሞተራቸው እንዲበርድ የኋላ ክዳናቸውን ከፍተው ይሮጡ ነበር፤ ዛሬ ሰው ያንን እንደ ጌጥ ያየዋል። የሰቆጣው ሽማግሌና የቱሪኑ ባለሞያ ሳይተዋወቁ አንድ መላ መምታታቸው ደስ አሰኝቶናል።

ሞክሼዋ እ.ኤ.አ. በ2007 ተወለደች። ስሟንና ክብ ዓይኖቿን ከአሮጊቷ ወርሳ ሌላውን ተወችው። ሞተሩ ከኋላ ወደ ፊት ዞረ፤ ርዝመቷ 3.55 ሜትር ደረሰ። በዚያው ዓመት በአውሮፓ የግጭት ፈተና አምስት ኮከብ አገኘች፤ ፈተናው ከጠነከረ በኋላ በ2017 ግን ሦስት ብቻ ተሰጣት። በዚህ ነገር ናፍቆት ሊያታልለን አይገባም። በአሮጊቷ ውስጥ የነጂውን ጉልበት ከውጭው ዓለም የሚለየው ስስ ቆርቆሮ ነው፤ የቤንዚኑም ጋን የተቀመጠው ከፊት፣ ከእግሩ ማዶ ነው።

የኤሌክትሪኳ አባርት ደግሞ 155 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ከቆመችበት ተነሥታ በ7 ሰኮንድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ትደርሳለች። ክብደቷ ወደ 1,400 ኪሎ ይጠጋል፤ የአሮጊቷ ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ሞተሯ ድምፅ ስለሌለው የቤንዚን ሞተር ጩኸት የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ተገጥሞላታል። ይህስ ሰው ሳይሞት አልቃሽ እንደ መቅጠር ነው።

አሁን ሁለቱንም ወደ አገራችን ዳገት እናምጣቸው። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ሲሳሳ የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ያጣል። ስለዚህ የአባርት 595 ሃያ ሰባት ፈረሶች ጣርማ በር ሲደርሱ 19 ያህል ይቀራሉ፤ ስምንቱ መንገድ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስምና ከፍታው ጉልበቱን አይነካበትም። ቁልቁለቱንም ስትወርድ ከባትሪዋ ያወጣችውን በከፊል ትመልሳለች። ለደጋ አገር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በአውቶቡሱ ውስጥ ለአሮጊቷ የተከራከርነው ሰዎች እዚህ ላይ ተረተናል።

ሆኖም ለአሮጊቷም የሚመሰከርላት አለ። ሞተሯ በሚገፋው የኋላ ጎማ ላይ ስለ ተቀመጠ ዳገት ስትወጣ ጎማዋ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል። አዲሲቱ የምትጎተተው በፊት ጎማዋ በመሆኑ፣ አቀበት ላይ ክብደቷ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ጠጠር ባለበት መንገድ ጎማዋ በባዶው ይሽከረከራል። የ500ዋ ሞተር በአየር ስለሚበርድ እንደ ሰይቼንቶ የሚፈላ ውኃ የለበትም። ብትበላሽም ጥቂት ቁልፍና ካቻቪቴ የያዘ ሜካኒክ ከዛፍ ሥር ይፈታታታል። አዲሲቱን ለመመርመር አስቀድሞ ኮምፒዩተር ያስፈልጋል።

ነገሩ የፎቶግራፍ ጨዋታ ብቻ ቢሆን እዚህ ላይ በተውነው። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 ከመቶ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። ስለዚህ አሮጌ ወይስ አዲስ ብሎ መምረጥ ለእኛ ትውልድ በአብዛኛው ያለቀ ጉዳይ ነው። ተመርቆ አስተማሪ የሚሆን የሰቆጣ ልጅ አንድ ቀን መኪና ቢገዛ አዲስ የሚገባለት የኤሌክትሪኩ ዓይነት ነው።

ውሳኔውን አንቃወምም። ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ግን ከወንዞቻችን ይገኛል። በዋግ ጓሮ የሚያልፈው የተከዜ ውኃ ብቻ 300 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችል ግድብ ተሠርቶበታል። የምንጠይቀው ሌላ ነው። አባርት 500 ባትሪዋ ሞልቶ የምትሄደው፣ እንደ ሠሪዎቿ አነጋገር፣ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያውም በአውሮፓ መንገድ። እስከ ሰቆጣ ለመድረስ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ መሙላት ሊኖርባት ነው። ከመስኮት ሆነን ብንመለከት ቤንዚን ማደያ እንጂ ባትሪ የሚሞላበት ቦታ አላየንም። ሰቆጣም ራሷ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ መብራት አጥታ መቆየቷን እናቶቻችን ያውቁታል። የከተማ መኪና ለከተማ ይሠራል፤ ሕጉ ግን የወጣው ለአገሪቱ በሙሉ ነው። እንግዲያውስ የመሙያ ጣቢያውና ጥገናውን የሚያውቅ ሰው እንደ ሕጉ ሁሉ ከቦሌ አልፎ ይምጣ።

ምርጫችንን ለሚጠይቀን አንባቢ፣ የአዲሲቱን ሞተር በአሮጊቷ ክብደት እንወዳለን። እንዲህ ያለችውን የሚሠራ እስካሁን አላየንም፤ ድምፅ ማጉያውን ግን ለሚፈልግ እንተውለታለን።

የጓደኛችን ስልክ ሰቆጣ ሳንደርስ ባትሪው አለቀ። በደረስንበት ማታ መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ፎቶግራፉን ለሽማግሌው ያሳየናቸው በማግሥቱ ነው። እሳቸውም ስልኩን ተቀብለው ረዘም ላለ ጊዜ ካዩ በኋላ፣ «ይህችኛዋ ክዳኗ በየት በኩል ነው የሚከፈተው?» ሲሉ ጠየቁን።